ካዙያን የተማረ ልጅ ሒሳብ ለምን አቃተው?

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም። ስለ ቴከን ነው። አዎ፣ ስለ ጌሙ። «ዶክተሩን ምን ነካው?» ሳትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የጤና ምክሩ ከታች አለ፤ ከምክሩ በፊት ግን መናገር የምፈልገው አንድ የራሴ አቋም አለኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) የመጡት ከእኔው አገር፣ ከእብናት በኩል ነው። ልጁ የግራ እጁን አንጓ በሻሽ ጠቅልሎታል። አውራ ጣቱ ሥር ያመዋል፣ ማታ ማታ ይጠዘጥዘዋል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሽቶ ነበር፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

«ወድቀህ ነበር?»
«አይ፣ አልወደቅሁም።»
«በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?»
«በቀኝ።»

ነገሩ ግራ አጋባኝ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ ግራው ለምን ታመመ? «በግራ እጅህ ብዙ የምትሠራው ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። ልጁ ዝም አለ፤ መሬት መሬት ያያል። እናቱ መለሱልኝ።

«ኧረ በማርያም! ምን ይሠራበታል፣ ጌም ነው እንጂ! ሌት ተቀን ጌም! ዶክተር ልጄ፣ እስቲ ምከርልኝ።»

አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ ከቶ እንዲጨብጥ፣ ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ትንሿ ጣት በኩል እንዲያዘነብል አደረግሁት። ገና ሳይጨርስ ፊቱ ተኮማተረ። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች በአንጓው ጎን በጠባብ መንገድ ያልፋሉ፤ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋገምባቸው መንገዱ ያብጣል፣ ይጠባል። በሕክምናው ደ ኬርቫን ይባላል። ጨቅላ ልጅ አብዝተው የሚያቅፉ እናቶችም ያገኛቸዋል።

ምክር ልጀምር ስል ግን የድሮው ተጫዋች ቀሰቀሰኝና «ማንን ነው የምትይዘው?» አልኩት።

ቀና አለ። «ካዙያን» አለኝ። «ኤሌክትሪክ እየተለማመድኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያ አንገቱን የደፋ ልጅ ሌላ ሰው ሆነ። የትኛው ቡጢ ከየትኛው ይቀድማል፣ የትኛው ከተመከተ ያስቀጣል፣ ተጋጣሚ ወደ ላይ ሲነሣ ስንተኛው ምት ላይ ግድግዳ ይደርሳል፤ እንደ ውኃ ይፈሳል። በቃል! አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። እናቱ ሰምተው ሰምተው በምሬት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸው እንግዲህ! ይህን ሁሉ ያውቃል። ሒሳብ ግን አይገባውም ይሉኛል።»

ይቺ አባባል ከክፍሉ ከወጡ በኋላም አልለቀቀችኝም። ብዙዎቻችን የምንሰማት እንደ ወቀሳ ነው፦ ሰነፍ ስለሆነ ነው ለማለት። እኔ ግን እንደ ሐኪም ስሰማት ምርመራ ናት። ያንን ሁሉ የያዘ አእምሮ የመማር ችግር የለበትም። ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ኤሌክትሪክ ምንድን ነው?

ጌም ለማታውቁ ወላጆች ላስረዳ። ቴከን ሁለት ሰዎች የሚቧቀሱበት የጃፓን ጌም ነው፤ የመጀመሪያው የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። የሚመረጡት ተፋላሚዎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የምት ዝርዝር አላቸው፣ የአንዱ ብቻ ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። ኮምቦ የሚባለው ምቶችን ማያያዝ ነው፦ መጀመሪያ ተጋጣሚህን ወደ ላይ የሚያነሣ ምት ታገኛለህ፤ አየር ላይ እያለ መከላከል ስለማይችል መሬት ሳይነካ ደጋግመህ ትመታዋለህ። የሚገርመው፣ ኮምቦ ታስቦበት የመጣ ነገር አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ሲሠራ ሳይታሰብ የተገኘ ነበር፤ ሠሪዎቹ አይተው ተዉት፣ ዛሬ ያለ ኮምቦ የትግል ጌም ብርቅ ነው።

የካዙያ ኤሌክትሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። ወደፊት ትጫናለህ፣ ትለቃለህ፣ ወደ ታች ትጫናለህ፣ ከዚያ ወደ ሰያፍ ስትሄድ የቀኝ ቡጢውን በተን እኩል ትመታለህ። «እኩል» ስል የምሬን ነው። ጌሙ በአንድ ሰከንድ 60 ምስል ያሳያል፤ ሰያፉና ቡጢው በአንዱ ምስል ውስጥ አብረው መግባት አለባቸው። የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ማለት ነው። ትንሽ ከዘገየህ ተራው ቡጢ ይወጣል፤ እሱ ከተመከተ ትቀጣለህ። በትክክል ከወጣ ግን ቢመከትብህ እንኳ ተራው ያንተ ነው።

አሁን ሕክምናውን ልጨምርበት። የሰው ልጅ በዓይኑ አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ወይም ሩብ ያህል ይፈጅበታል። በቴከን ፈጣኑ ቡጢ 10 ምስል ብቻ ይወስዳል፤ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ «አይቼ ተከላከልኩ» የሚል ተጫዋች ካለ አላየም። ገምቷል። የተጋጣሚውን ልማድ አጥንቶ ቀድሞ ጠብቋል።

ኤሌክትሪክንም አስቦ የሚያወጣው ሰው የለም። «አሁን ታች፣ አሁን ሰያፍ» እያልክ ካሰብክ አልፎሃል። ሥራው ከሚያስበው የአንጎል ክፍል ወርዶ ልማድንና ቅንጅትን ወደሚይዙት፣ ባዛል ጋንግሊያና ሴሬቤለም ወደሚባሉት፣ መግባት አለበት። ሰዎች «እጄ ለመደው» የሚሉት ይህንን ነው። የለመደው እጅ አይደለም፣ አንጎል ነው። ልምምዱም ተኝታችሁ ሳለ ይረጋል፤ ማታ እምቢ ያለ ነገር ጠዋት እሺ የሚለው ለዚህ ነው።

የእብናቱ ጌም ቤት

የእኔም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ልጅ ሆኜ እብናት ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ያለበት ጠባብ ቤት ነበር። ቴሌቪዥኑ ትንሽ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ፣ የጆይስቲኩ ጎማ በጣት ብዛት ያለቀ። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» እንላለን። ለክብሪትና ለጨው የተላክንባት ሳንቲም ስንቴ እዚያ እንደቀረች እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ጌሙ ቴከን 3 ነበር። እኔ ኤዲን ነበር የምይዘው። ኤዲ የብራዚሎቹን ካፖዌራ የሚጫወት፣ በእጁ ቆሞ በእግሩ የሚመታ ነው። ኤዲን የሚወደው ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ምንም ሳታውቅ በተኑን ብቻ ብትቀጠቅጥ የሚያምር ነገር ያወጣልሃል። እኔም ቀጠቀጥኩ። ጀማሪዎቹን ሁሉ አሸነፍኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አመንኩ።

አንድ ቀን ከእኛ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ዝምተኛ ልጅ መጣ። ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እጁ ግራሶ በግራሶ ነው። ቁጭ አለ፣ አልቀጠቀጠም። ኤዲን እየጠበቀ ይመክታል፣ ስጨርስ ሁለት ምት ይመታኛል። ይመክታል፣ ሁለት ምት። በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ አሸነፈኝ፤ ገንዘቤ አለቀ። ወጥተን ስንሄድ «እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንተ ምን እንደምትመታ አታውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ» አለኝ።

ያሳየኝ ነገር ቀላል ነበር። ከዝርዝሩ ሁሉ አምስት ምት ብቻ ምረጥ። አንዱን ብቻ፣ ብቻውን፣ ሳታቋርጥ አሥር ጊዜ እስክታወጣው ተለማመድ። ከዚያ ሁለተኛውን ጨምር። ሁለቱን አያይዝ። ካልወጣልህ የቱ ጋ እንደተበላሸ እይና እሱን ብቻ ድገም፤ ከመጀመሪያው አትነሣ። ስትሸነፍ ደግሞ «በምን ተሸነፍኩ?» በል።

ይህ ልጅ ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። ከዚያ በኋላ በሕክምና ትምህርት ቤት ብዙ መምህራን አስተምረውኛል፤ ከእሱ የተሻለ የትምህርት ዘዴ ያሳየኝ ግን ጥቂት ነው።

አዲስ ነገር አይደለም

ይህ ዘዴ ከጃፓን የመጣ እንዳይመስላችሁ። የደቡብ ጎንደር ሰው ከሆናችሁ በደጃችሁ አለ። የቆሎ ተማሪ እንዴት ነው የሚማረው? መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ አንዷን መልእክት ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይወጣል። አንዱን ሳይወጣ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ሲሳሳት የኔታ እዚያው ላይ ያርሙታል፣ የሳተውን ይደግማል። ቤተልሔም ድጓ ለመማር ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ያንን ሁሉ ዜማ የሚይዘው በአንድ ጊዜ ውጦ አይደለም፤ በቁርጥራጭ፣ በድግግሞሽ፣ በእርማት ነው።

የቡሄን ጅራፍ አስቡ። ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር ሲደርስ ልጆች ሜዳ ላይ ወጥተው ያጮሃሉ። ጅራፍ በጉልበት አይጮህም። አዙረህ አዙረህ የምትመልስባት አንዲት ቅጽበት አለች፤ እሷን ካገኘሃት የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ ጩኸቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ካጣሃት የገዛ ጀርባህን ትገርፋለህ። ይህ ኤሌክትሪክ አይደለም እንዴ? የአገራችን ልጅ ይህን ነገር ድሮም ያውቀዋል።

አንዲት ደቂቃ

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት ልንገራችሁ። ኢንተርን እያለሁ፣ አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንድ ሕፃን ተወለደ፣ አላለቀሰም። አይተነፍስም። ሰው ሲወለድ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወርቃማ ናት የምንለው በከንቱ አይደለም፦ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ አንገቱን ማስተካከል፣ ጀርባውን እያሹ ማነቃቃት፣ ካልሆነ በአምቡባግ አየር መስጠት። ይህ ሁሉ በ60 ሰከንድ ውስጥ ነው።

እኔ ይህንን በቃሌ አውቀው ነበር። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን እጄ ተሳሰረ። ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ አደረግሁ፣ አየሩ በጎን ይወጣል። ደረቱ አይነሣም። ደገምኩ፣ አይነሣም። ፈርቼ ዝም ብዬ ባጉን እጨምቃለሁ፤ ኤዲን እንደምቀጠቅጠው ማለት ነው። አዋላጇ ሲስተር አንድ ቃል ሳትናገር ከእጄ ተቀበለችኝ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አደረገች፣ ጭንብሉን ገጠመች፣ ደረቱ ተነሣ። ሕፃኑ አለቀሰ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ያ የጋራዥ ልጅ ትዝ አለኝ። ለመለማመጃ የምንጠቀምበትን አሻንጉሊት ሕፃን አስፈቅጄ ወሰድኩ። ጭንብል መግጠም ብቻ፣ ሌላ ምንም። አሥር ጊዜ ሳያመልጠኝ ደረቱ እስኪነሣ። ከዚያ አንገት ማስተካከልና ጭንብል። ከዚያ በደቂቃ 40 ጊዜ መንፋት፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ከዚያ ሁሉንም አያይዤ በሰዓት። ሳይወጣልኝ ሲቀር የተበላሸችውን ብቻ ደገምኩ። ይህን ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሠራሁት።

ሌላ ሌሊት ሌላ ሕፃን መጣ፣ እሱም ዝም አለ። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ እጄ ግን ሄደ። ደረቱ በመጀመሪያው ተነሣ። ከደቂቃ በፊት አለቀሰ። እናትየው ምን እንደተደረገ እንኳ ሳታውቅ «ወንድ ነው?» አለች።

ስለዚህ ለእኔ ይህ የጌም ወሬ ብቻ አይደለም። ማወቅና መቻል ሁለት ነገር ነው። በመካከላቸው ያለው ድልድይ እንዲህ ዓይነት ልምምድ ነው።

ታዲያ ሒሳቡ ለምን አቃተው?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባቱ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ከእሱ ጋር አልከራከርም። እንደ ሐኪም ግን ከመቶ በሽተኛ ዘጠና ሰባቱ ካልዳነ የምጠይቀው ስለ መድኃኒቱ ነው።

የእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ የደረሰባቸውን እናውቃለን። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እሱ ሲከፈት ጦርነት መጣ። እሱ በረደ ስንል የጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ያ ልጅ ሲቆጥርልኝ፣ ሳያቋርጥ የተማረበት ዓመት አስታውሶ ማግኘት አልቻለም። መሀል ላይ ያሉት ደረጃዎች ጠፍተውበታል። ክፍል ሲገባ ግን የሚሰጠው የላይኛው ደረጃ ነው፤ ፊደል ሳይቆጥር ቁም ንባብ ውጣ እንደማለት። ሲሳሳት ይሳቅበታል፣ ወይም ውጤቱ ከወር በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ይመጣለታል፤ የት እንደሳተ ማንም አይነግረውም።

ጌም ቤት ግን ምንድን ነው ያገኘው? ስሕተቱን እዚያው ያያል። መሸነፉ ርካሽ ነው፤ ወዲያው ይደግመዋል። ደረጃው በእሱ ልክ ነው። ሲችል ደግሞ ጓደኞቹ «አቦ!» ይሉታል። እኔ ብሆንስ የት ነበር የምሄደው?

አቋሜ ይህ ነው፦ ጆይስቲኩን ከመስበራችን በፊት ልጁ በጆይስቲኩ ያሳየንን ችሎታ እንይ። ልጁ መማር ይችላል፤ ማስረጃው እጁ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ልናገር። ካዙያን መቻል በራሱ ሒሳብ አያስችልም። «ጌም አእምሮ ያሰላል፣ ተዉት ይጫወት» የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። በአንድ ነገር የተገኘ ችሎታ ዝም ብሎ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ጅራፍ ጎበዝ የሆነ ሁሉ ማሲንቆ አይመታም። የሚሻገረው ዘዴው ነው፤ እሱም የሚሻገረው አንድ ሰው «ይኸውልህ፣ ያ ያወቅኸው ነገር እዚህም ይሠራል» ብሎ ሲያሳይ ነው። ለእኔ ያ ሰው የጋራዡ ልጅ ነበር። ለልጃችሁ እናንተ መሆን ትችላላችሁ።

«መሣሪያ የለንም፣ የተመቸ አገር የለንም» ለምትሉም አንድ ታሪክ አለኝ። በ2019 እ.ኤ.አ. አርስላን አሽ የሚባል የላሆር ልጅ፣ ፓኪስታናዊ፣ በቪዛና በበረራ ችግር ተንከራትቶ ጃፓን ደረሰና በኢቮ ጃፓን የቴከን 7 ውድድር አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄዶ ዋናውን ኢቮም አሸነፈ። ከዚያ በፊት ዓለም የሚያወራው ስለ ኮሪያና ስለ ጃፓን ተጫዋቾች ነበር። እሱ ያደገው በአገሩ ጌም ቤቶች፣ በሰፈር ልጆች መካከል ነው። ልጆቻችን ሁሉ አርስላን ይሁኑ አላልኩም፤ ከሺህ አንዱም አይሆንም። ቦታው ሰውን እንደማይገድበው ለማስታወስ ነው።

መቼ ነው በሽታ የሚሆነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አካትቷል፤ መዝገቡ በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይባልም። ሦስት ነገሮች አብረው ሲታዩ ነው፦

1. መቆጣጠር ሲያቅት። «በቃኝ» ብሎ ማቆም አለመቻል።
2. ጌሙ ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከትምህርት፣ ከሰው ሁሉ ሲቀድም።
3. ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል ወይም ሲብስበት።

ይህ ሕይወቱን በግልጽ ሲያበላሽና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው ምርመራው የሚሰጠው። ስለዚህ ልጃችሁን «ሱሰኛ» ለማለት አትቸኩሉ። በሌላ በኩል፣ ከጌሙ ጀርባ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፦ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ያየው አስፈሪ ነገር። በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። ብቻውን የሚጫወት፣ የማይስቅ፣ የማይበላ ልጅ ካለ ጌሙን ትታችሁ ልጁን ጠይቁት፤ ወደ ጤና ተቋምም አምጡት። ከቤት ገንዘብ መስረቅ ወይም በጨዋታው መወራረድ ከጀመረም ቶሎ ተነጋገሩ።

ለተጫዋቾች ምክር

- አንድን እንቅስቃሴ ሳታቋርጡ ለረጅም ጊዜ አትደጋግሙ። በየግማሽ ሰዓቱ እጃችሁን አሳርፉ፣ ጣታችሁን ዘርጉ።
- አውራ ጣት ሥር ሕመም ከጀመረ ለጥቂት ሳምንት ከጆይስቲኩም ከስልኩም እረፉ። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዙበት። አንጓውንና አውራ ጣቱን የሚደግፍ ማሰሪያ ይረዳል። አታሳሹት፤ ያበጠ ጅማት ማሸት አይወድም።
- አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ።
- ጣት ከደነዘዘ፣ ዕቃ ከእጅ ከወደቀ፣ ወይም እረፍት ተደርጎ ካልተሻለ ታዩ።
- ለዓይን፦ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አትጫወቱ።
- ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ሙሉ ኮምቦ የሚለማመድ ልጅ ኮምቦውንም እየጎዳ ነው፤ አንጎሉ የሚያረጋለት በእንቅልፍ ነውና።
- ብልጭ ድርግም የሚል ምስል አንዳንድ ሰው ላይ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። ልጁ ስክሪን እያየ ከፈዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ ጌሙን አቁማችሁ አስመርምሩት። መድኃኒት አለው።

ለወላጆች ምክር

- ከመቆጣት በፊት አንድ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ በሉና «እስቲ አሳየኝ፣ እስቲ አሳዪኝ» በሉ። አሥር ደቂቃ ነው።
- የጨዋታ ሰዓት አብራችሁ ወስኑ። አንድ ግጥሚያ መሀል ላይ አትንቀሉበት፤ «ይህን ጨርስና» በሉት። ሰዓቱ ከተወሰነ ግን አይታጠፍም።
- «ያንን ምት እንዴት ቻልከው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ራሱ ይንገራችሁ። ከዚያ «ሒሳቡ ላይ መጀመሪያ የሳትከው የትኛዋ ጋ ነው?» በሉት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ቀን ለእጁ ማሰሪያና እረፍት አዘዝኩለት። ከዚያ የማዘዣ ወረቀት ገልብጬ፣ ጀርባው ላይ «የትኛው ሒሳብ ነው የሚያስቸግርህ?» አልኩት። ሁለት ቅንፍ አውጥቶ መበተን የሚባለው ነው አለኝ። «ሲደመሩ 5፣ ሲባዙ 6 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ንገረኝ» አልኩት። ብዙ አሰበ። የማባዣ ሰንጠረዡ ላይ ነበር የተያዘው፤ የጠፋችው ደረጃ እሷ ናት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳይሆን አራተኛ ላይ።

«ኤሌክትሪክ ስትጀምር መጀመሪያ ምን ተለማመድክ?»
«እርምጃውን ብቻ። ያለ ቡጢ።»
«እሺ፣ ይህም ያለ ቡጢ ነው። ለሦስት ሳምንት ማባዛት ብቻ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ። የሳትካትን ብቻ ድገም።»

እናቱ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩን። «ዶክተር ልጄ፣ አንተም ትጫወት ነበር እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እናቴ» አልኳቸው። ለክብሪት የተላኩባትን ሳንቲም ግን አልነገርኳቸውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እብጠቱ ቀንሷል፣ አውራ ጣቱን ያለ ሕመም ጨበጠልኝ። ተአምር አልሆነም፤ ልጁ ዛሬም ከክፍሉ አንደኛ አይደለም፣ ትምህርት ቤቱም መቼ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም። ግን «ሲደመሩ 7፣ ሲባዙ 12?» አልኩት፤ ሳልጨርስ «3 እና 4!» አለኝ። አላሰበም። ወጣለት።

እናቱን ቀና ብዬ አየኋቸው። ምንም አላሉም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ቤታችሁ ውስጥ «ጌም አበላሸው» የምትሉት ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ማንን እንደሚይዝም ጠይቁት። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፣ እንደ ጊዜዬ እመልሳለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!